ብሬን ኮራል፦ ስሙ የአጥንቱ ነው

ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ እዚሁ አዳማ። የእንስሳት አመዳደብ ላይ ስንደርስ ኮራል፣ ባህር ውስጥ ድንጋይ መስሎ የሚያድገው እንስሳ፣ ቶሎ የሚታለፍ ርዕስ ነው፣ ባህር የሌለው አገር ልጆች ምን ያደርግላቸዋል ተብሎ መሰለኝ፣ እኔ ግን እዛ ጋ ሁሌ እቆማለሁ። ስልኬን አወጣና የብሬን ኮራል ፎቶ አሳያቸዋለሁ። ክብ ነገር ነው፣ ላዩ በሙሉ የሚጠማዘዝ ቦይ፣ እየዞረ እየታጠፈ ተመልሶ ራሱ ላይ የሚመጣ። ምንም ሳልላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አንጎል!" ይላል። ስሙም እሱው ነው፣ ብሬን በእንግሊዝኛ አንጎል ማለት ነው ስላቸው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደሞ በየዓመቱ ያው ነው፦ "ቲቸር፣ ያስባል እንዴ?"

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ስሙ ባይኖር ማንም አይጠይቀውም ነበር፣ ስለ ሌላ ኮራል ሳወራ እኮ ኋላ ያሉት ስልካቸውን ነው የሚነካኩት። ግን ደሞ ስሙ ልጆቹን ወደማይሆን ቦታ ይወስዳቸዋል፣ ምክንያቱም አንጎል መስሎ የሚታየን ነገር የእንስሳው ማሰቢያ መሆኑ ይቅርና ሕይወት ያለው ክፍሉም አይደለም። አጥንቱ ነው። በስሙ የምንጠራው አፅሙን ነው፣ ሕያው የሆነው ስስ ነገር ግን ላዩ ላይ ተለጥፎ እየኖረ ስም ሳያገኝ ይቀራል። እኔን ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

አዳማ ባህር የላትም፣ ግን ወደ ባህር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የጅቡቲው ባቡር በኛ በኩል ያልፋል፣ ተሳቢውም ቦቴውም በአዋሽ በሚሌ አድርጎ ጋላፊን ተሻግሮ ወደብ ደርሶ ይመለሳል፣ ስለዚ እዚህ ከተማ ባህር ሳያዩ ያረጁ ብዙ ሰዎች ቢኖሩም ባህር አይቶ የመጣ ሹፌር የሌለበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። የኛም ጎረቤት ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሳሎናቸው ቡፌ ላይ ከብርጭቆዎቹ ጎን አንድ ነጭ ብሬን ኮራል አለ፣ ድሮ ጅቡቲ ባህር ዳር ከአንድ ልጅ ነው የገዛሁት ይላሉ። ቡና ሲፈላ ስጠራ ሁሌ ዓይኔ እሱ ላይ ነው፣ አንድ ቀን በቃ አውርጄ ልየው ብዬ አስፈቀድኩ።

ከሩቅ ሲያዩት ለስላሳ ነው የሚመስለው፣ ሲነኩት ግን ይቧጥጣል። ቦዮቹ ከትንሿ ጣቴ ይጠባሉ። በቦይና በቦይ መሀል ያለው ግድግዳ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ጥርስ አለው፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ደሞ እያንዳንዱ ጥርስ ከግድግዳው አናት ጀምሮ ወደ ቦዩ ወለል የሚወርድ ስስ ክፋይ ነው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ክፋዮች ጎን ለጎን ተደርድረው። አንዱን ቦይ በጥፍሬ ይዤ ተከተልኩት፣ ይሄዳል ይታጠፋል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ አንደኛው ወደ ታች ሲወርድ ሌላኛው ዞሮ ሌላ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ቆመ። ገልበጥ ሳደርገው ከስር የተሰበረበት ቦታ ይታያል፣ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ቦዮቹ ውስጥ አቧራ ገብቶ ስለሚያስቸግር ባለቤታቸው በጥርስ ብሩሽ ነው የሚያፀዱት።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንስሳ ነበር" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ ነው። የባህር ድንጋይ።"

ትንሽ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ታዲያ እኔ ስገዛው ሞቶ ነበር በያ?" አሉኝ። አዎ። ሕያው የነበረው ላዩን የሸፈነው ስስ ሥጋ ነው፣ ለሽያጭ የሚወጣ ኮራል ሥጋው እንዲለቅ በረኪና ውስጥ ይዘፈዘፋል ወይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዛ ነው እንደዚህ የሚነጣው። ባህር ውስጥ ሳለ ነጭ አይደለም፣ ቡናማ ነው ወይ አረንጓዴ፣ አንዳንዴ ግድግዳው ቡናማ ሆኖ የቦዩ ወለል የሚያበራ አረንጓዴ ይሆናል።

እንግዲህ እንስሳው ፖሊፕ ይባላል። ትንሽዬ ነገር ናት፣ አንድ አፍ፣ አንድ ሆድ፣ አፏ ዙሪያ ቴንታክል የሚባሉ ቀጫጭን እጆች፣ በቃ ሌላ ነገር የላትም። ከስሯ ካልሲየም ካርቦኔት እያወጣች፣ ማለትም ያው የኖራ ድንጋዩን ዘር፣ መቀመጫዋን ትገነባለች። ብዙ ኮራሎች ላይ አንዷ ፖሊፕ ለሁለት ስትከፈል መሀላቸው ግድግዳ ይሰራል፣ ሁለቱም የየራሳቸው ክብ ጎጆ ይኖራቸዋል። ብሬን ኮራል ላይ ግን አፉ ይከፈላል እንጂ መሀል ላይ ግድግዳ አይሰራም። እንደገና ይከፈላል፣ አሁንም ግድግዳ የለም። ስለዚ አንድ ቦይ ውስጥ አፎች በተርታ ይደረደራሉ፣ አንድ ግቢ ውስጥ በረድፍ እንደተሰሩ ሰርቪስ ቤቶች ማለት ነው፣ በሩ ለየብቻ፣ ግቢው የጋራ፣ አጥሩ ያለው ከጎረቤት ግቢ ጋር ብቻ። ቦዩ የሚጠማዘዘው ረድፉ እየረዘመ ቦታ ፍለጋ ሲሄድ ነው። እኔ በጥፍሬ የተከተልኩት እሱን ነው፣ አንድ ወቅት አፍ በአፍ የነበረ መንገድ።

የኛ አንጎል ደሞ በሌላ መንገድ ነው እንደዛ የሆነው። ፅንሱ ሆድ ውስጥ እያለ የአንጎሉ የላይኛው ንጣፍ ከውስጡ በላይ በፍጥነት ይሰፋል፣ ሲሰፋ ቦታ ያጣል፣ ይጨናነቃል፣ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ በ2016 ተመራማሪዎች ይሄን በጄል ሰርተው አሳይተዋል፣ የፅንስ አንጎል ቅርፅ ያለው ለስላሳ ጄል ሰርተው ፈሳሽ ውስጥ ሲከቱት የላዩ ንጣፍ አብጦ ልክ እንደ እውነተኛው አንጎል ታጠፈ። ከአንጎላችን ላይኛው ንጣፍ ሁለት ሦስተኛው ያህል እጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። ኮራሉ ላይ ግን የታጠፈ ነገር የለም፣ ግድግዳው ከታች ወደ ላይ የተገነባ ነው፣ ምንም የሚደብቀው የለውም፣ ሊደብቅም አይችልም፣ ምክንያቱም ሥጋው ውስጥ አልጌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ እፅዋት መሰል ነገሮች ይኖራሉ፣ አብዛኛውን ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን የሚሰሩለት እነሱ ናቸው። ስለዚ ያለውን ሥጋ በሙሉ ብርሃን ላይ ማስጣት አለበት። አንጎል ገፁን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ ኮራሉ ወደ ውጭ ይዘረጋል። መልካቸው አንድ ሆኖ ስራቸው ተቃራኒ ነው፣ ይሄን ነገር መጀመሪያ ሳስተውለው ሌሊቱን ስለሱ ሳስብ ነው ያደርኩት።

ስሙ እንዴት አጥንቱ ላይ ቀረ ካላችሁ፣ ስም አውጪዎቹ ያዩት አጥንቱን ስለነበረ ነው። በዛ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ኮራል ማለት መርከበኛ ያመጣው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ደረቅ ነገር ነው፣ ልክ እንደ ጎረቤቴ ቡፌ። ስዊድናዊው የእንስሳት ስም አውጪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ በ1758 አትላንቲክ ውስጥ የሚኖረውን አንዱን "ላቢሪንቲፎርሚስ" አለው፣ መውጫው የሚጠፋ ጠመዝማዛ ቤት የመሰለ ለማለት። በ1786 በተፈጥሮ ተመራማሪዎቹ በጆን ኤሊስና በዳንኤል ሶላንደር ስም መጽሐፍ ሲታተም ሁለቱም ሞተው ነበር፣ እዛ ውስጥ ያለው አንዱ ዝርያ "ዴዳሊያ" ተባለ፣ በግሪኮች ተረት ያንን ጠመዝማዛ ቤት በሰራው በዴዳለስ ስም። ፈረንሳዊው የእንስሳት ሊቅ ላማርክ ደሞ "ሴሬብሪፎርሚስ" የሚል ስም ሰጥቷል፣ ይሄኛው በቀጥታ አንጎል የመሰለ ማለት ነው። አንዳቸውም በስሙ ውስጥ አፎቹን አላነሱም፣ የሌለ ነገር ከየት ያምጡ፣ ሥጋው ደርቆ ጠፍቷል።

ከነሱ ለየት የሚልብኝ ኤረንበርግ ነው። ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፣ ከጓደኛው ከሄምፕሪክ ጋር ከ1820 እስከ 1825 ግብፅንና ቀይ ባህርን ዞሯል፣ ኮራሎቹን እዛው ውሃ ውስጥ በሕይወት እያሉ ነው ያያቸው። ሄምፕሪክ አልተመለሰም፣ በ1825 ምፅዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። ገና ሰላሳ ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር። ኤረንበርግ በ1834 የቀይ ባህር ኮራሎችን ስራ አሳተመ፣ "ፕላቲጂራ" የሚለው ስም የሱ ነው፣ ዛሬ ከቀይ ባህር እስከ ፓስፊክ ያሉ ብዙ ብሬን ኮራሎች በዚህ ስም ነው የሚጠሩት። የጎረቤቴም መልኩ የፕላቲጂራ ነው። ያ ቡፌ ላይ ያለው ነገር ስሙን ያገኘው ምፅዋ ድረስ መጥቶ ጓደኛውን ቀብሮ ከተመለሰ ሰው መሆኑን ሳስብ ሁሌ ልቤ ይነካል።

ሕያው ብሬን ኮራል ሌሊት ፈፅሞ አንጎል አይመስልም። ሲመሽ ፖሊፖቹ ቴንታክላቸውን ከቦዩ ያወጣሉ፣ ውሃው ይዞት የሚመጣውን ፕላንክተን የሚባል ጥቃቅን ተንሳፋፊ ነፍስ ለመያዝ፣ ያኔ ቦዩም ግድግዳውም ይሸፈናል፣ ላዩ በሙሉ የሚወዛወዝ ፀጉር ይሆናል። በቪዲዮ አይቼዋለሁ፣ ለተማሪዎቼም አሳይቻቸዋለሁ፣ ፎቶውን አይተው አንጎል ያሉት ልጆች ቪዲዮውን ሲያዩ ምን እንደሆነ መናገር አቃታቸው። ስም አውጪዎቹ ሌሊት ጠልቀው አይተውት ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም ይኖረው ነበር።

ሌላም ጣጣ አለው ስሙ። ብሬን ኮራል የአንድ እንስሳ ስም አይደለም፣ ቦይ ቦይ ያለው ክብ ኮራል ሁሉ የሚጠራበት ነው። እኛ እዚህ አንድ ከተማ ሆነን በሁለት ስም ኖረናል፣ አሁንም አዲስ አበባ መናኸሪያ ሄዳችሁ "ናዝሬት! ናዝሬት!" የሚል ረዳት አታጡም፣ ብሬን ኮራል የዚህ ግልባጭ ነው፣ ስሙ አንድ ባለቤቶቹ ብዙ። ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቶቹም የካሪቢያኑንና የኛን ወገን ብሬን ኮራል መልኩን አይተው አንድ ቤተሰብ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። እ.ኤ.አ በ2004 የዲኤንኤ ጥናት ሲወጣ ነው ጉዱ የታየው፣ የአትላንቲኮቹና የፓስፊኮቹ ዝምድና የታሰበውን ያህል ቅርብ አይደለም፣ አትላንቲክ ውስጥ ያለው ብሬን ኮራል እዛው አጠገቡ ላሉት ፈፅሞ ለማይመስሉት ኮራሎች ነው የሚቀርበው። ዛሬ የካሪቢያኖቹ ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው፣ ፕላቲጂራና ዘመዶቹ ሜሩሊኒዴ የሚባል ውስጥ። በቤት ውስጥ አኳሪየም ከሚያረቡት ሰዎች ዘንድ ደሞ "ክፍት ብሬን ኮራል" የሚባል አለ፣ እሱ ደሞ መልኩ ለየት ያለ ነው፣ አሸዋ ላይ የሚቀመጥ ሥጋው ያበጠ ነገር። በመልክ ስም ማውጣት እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ ዘመድ ያልሆነውን ዘመድ ያደርጋል። ያም ሆኖ ስሙ ይቀየር የምል ሰው አይደለሁም፣ ክፍል ውስጥ "ፕላቲጂራ ላሜሊና" ብዬ ብጀምር ማን ይሰማኛል? ስሙ ይቆይ፣ ግን የምኑ ስም እንደሆነ እንወቅ ነው የምለው።

ያስባል ወይ ለሚለው፣ አያስብም። አንጎል የለውም፣ ራስ የለውም፣ ማዘዣ ቦታ የለውም። ያለው የነርቭ መረብ ነው፣ ሥጋው ውስጥ የተዘረጋ፣ ማዕከል የሌለው። አንዷን ፖሊፕ ስትነኳት አጠገቧ ያሉትም አብረው ይሸማቀቃሉ። ብዙ የኮራል ዝርያዎች ደሞ በዓመት ውስጥ በተወሰነ ወቅት ጨረቃ ከሞላች ጥቂት ሌሊቶች በኋላ እንቁላላቸውንና ዘራቸውን በአንድ ጊዜ ወደ ውሃው ይለቃሉ፣ የባህሩን ሙቀት፣ ጨረቃዋን፣ የፀሐይዋን መጥለቅ ተከትለው፣ ኪሎሜትሮች ተራርቀው ያሉ ኮራሎች በአንድ ሌሊት። ይሄን ስነግራቸው አንድ ልጅ "ታዲያ ሳያስብ እንዴት ቀጠሮ ያከብራል?" አለኝ። ወርቅ ጥያቄ ነው። መልሴ ብርሃንና ሙቀት የሚለይ ሰውነት ካለህ ቀጠሮውን የምትይዝልህ ጨረቃዋ ናት የሚል ነበር፣ ልጁ ራሱን ነቅንቆ ፃፈ።

ዕድገቱ በጣም አዝጋሚ ነው፣ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር። የጎረቤቴን ጎኑን ለካሁት፣ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ በዓመት 5 ሚሊሜትር አደገ ብንል የ20 ዓመት ነገር ነው ቡፌው ላይ ያለው። ባህር ውስጥ ያለ ማንም ካልነካው ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ስፋት የሚደርስ አለ፣ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። አፅሙ ውስጥ ደሞ ጥቅጥቅ ያለና ሳሳ ያለ መስመር እየተፈራረቀ ይቀመጣል፣ ተሰንጥቆ በኤክስሬይ ሲታይ ዕድሜው ይቆጠራል። አንድ ጥንድ መስመር አንድ ዓመት መሆኑ በምን ታወቀ መሰላችሁ፣ እ.ኤ.አ በ1972 ነው የታተመው፣ አሜሪካ ማርሻል ደሴቶች ውስጥ ኤኒዌቶክ ላይ የአቶም ቦንብ ስትሞክር የወደቀው ጨረር ኮራሎቹ አፅም ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ነበር፣ የሙከራዎቹ ቀን ስለሚታወቅ ጨረሩ ያለበትን መስመር ይዘው ቆጠሩት፣ ገጠመ። ዛሬ መዝገብ ያልተያዘበትን ዘመን የባህር ሙቀት ሰዎች የሚያነቡት ከዚህ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ባህሩ ከለመደው የበጋ ጣሪያ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ከሥጋው ያስወጣል፣ ቀለሙም ምግቡም አብሮ ይሄዳል፣ ሥጋው ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ከስር ነጩ አጥንት ይታያል። ብሊቺንግ የሚሉት ይሄ ነው። ያኔ ገና አልሞተም፣ ሙቀቱ ቶሎ ከበረደለት ይመለሳል፣ ካልበረደለት በረሀብ ያልቃል። እ.ኤ.አ ሚያዝያ 2024 ላይ አራተኛው ዓለም አቀፍ ብሊቺንግ መሆኑ ታውጇል። ፍሎሪዳ ውስጥ ደሞ ከ2014 ጀምሮ የኮራሉን ሥጋ እየላጠ የሚሄድ በሽታ ገብቷል፣ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ውስጥ ብሬን ኮራሎቹ አሉበት፣ ለብዙ መቶ ዓመት የቆየ ነገር በሳምንታትና በወራት ውስጥ ባዶ አጥንት ይሆናል። እና ያ ባዶ አጥንት ፎቶ ቢነሳ አሁንም ብሬን ኮራል ነው የሚባለው። የሞተውና ያለው ስማቸው አንድ ነው፣ መልካቸውም ለማያውቅ ሰው አንድ ነው፣ ለዚህ ነው ስሙ የምኑ እንደሆነ ላይ ይሄን ያህል የምነዘንዘው።

የአባቴ ወዳጅ የሆኑ የቀድሞ ባህር ኃይል ባልደረባ አሉ፣ ወጣትነታቸውን ምፅዋ ነው ያሳለፉት። ስለ ኮራል ሳወራ ሰምተው "ልጄ፣ ምፅዋ እኮ ቤቱ ራሱ እሱ ነው" አሉኝ። እውነት ነው፣ የምፅዋ አሮጌ ቤቶች በኮራል ድንጋይ ነው የተገነቡት፣ ሱዳን ሱአኪንም እንደዛው። ልስኑ የረገፈበት ግድግዳ ላይ ቦይ ቦዩ ይታይ ነበር፣ እኛ ማታ ማታ ደገፍ ብለን ሲጋራ እናጨስ ነበር አሉ። ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር ወይ ስላቸው "ድንጋይ ነዋ፣ ማን ይነግረናል" አሉኝ።

እኛ አገርም ኮራል አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። ዳሎል ዳናኪል የሄዳችሁ ጨው ሜዳው ላይ ነው ፎቶ የምትነሱት፣ ግን በረባዳው መሬት ዳርና ዳር ጥንት የሞተ የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራሎች የገነቡት የድንጋይ ክምር አለ። ቀይ ባህር ወደዛ ይገባ በነበረበት ዘመን የበቀለ ነው፣ የመጨረሻው ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከዛ በኋላ ውሃው ተቆርጦ ደረቀ፣ ጨዉ ቀረ፣ ኮራሉም እዛው በቆመበት ቀረ። ባህር የለንም ብዬ ክፍል ውስጥ ቶሎ የማላልፈው ለዚህም ነው፣ ሪፉ እዚሁ ካርታችን ውስጥ አፋር ላይ ነው ያለው።

እና ይሄን የምታነቡ ውስጥ አፋር የምትሰሩ ወይ ቱሪስት የምታመላልሱ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የጅቡቲውን አትግዙ፣ ሻጭ የሚኖረው ገዢ ስላለ ነው፣ ደሞ ጠንካራ ኮራሎች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ያስጠይቃል። የዳናኪሉንም እንዳትሰብሩት። ቦይ ያለው ካገኛችሁ ግን ጎኑ ላይ እስክሪብቶ አስቀምጡና መጠኑ እንዲታወቅ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፣ አንዱን ከሩቅ አንዱን ጥርሶቹ እስኪታዩ ቀረብ ብላችሁ፣ ከዛ ላኩልኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል የሰው አገር ፎቶ ይዤ መግባት አልፈልግም።